ቁጥሩ ሁሉ ልክ ነው፣ ኮራሎቹ ግን እየከሱ ነው

ፖቶማክ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እርዳታችሁን ፈልጌ ነው።

ቤት ውስጥ ያለው የጨው ውሃ ዓሣና ኮራል ታንኬ (አኳሪየሜ) 280 ሊትር ነው፣ ድንጋይና አሸዋው ሲቀነስ ውሃው ወደ 250 ይሆናል። ከሥሩ ሳምፕ (ውሃው የሚጣራበት ሁለተኛ ሳጥን) አለው፣ ስኪመሩም (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ) በደንብ ይሠራል። ዓሦቹ ሁለት ክላውንፊሽና አንድ ጎቢ ናቸው፣ ጤነኞች ናቸው። ችግሩ ኮራሎቹ ላይ ነው። ሃመሩ (ወፍራም ጣቶች ያሉት ኮራል) ድሮ ከሰዓት በኋላ ሲነፋ ከኋላው ያለው ድንጋይ አይታይም ነበር። አሁን ጣቶቹን ሰብስቦ ቁጭ ብሏል፣ ጠርዙ ላይ ሥጋው ሸሽቶ ነጭ አጽም ብቅ ብሏል። ሁለቱ አክሮፖራዎች (ቅርንጫፍ ያላቸው ድንጋያማ ኮራሎች) ጫፋቸው ነጥቷል። አሸዋው ላይ ደግሞ ቡናማ ልጋግ የመሰለ ነገር ይተኛል፣ ላዩ ላይ ትንንሽ የአየር አረፋ ይዟል።

ልኬቴ ይኸው፦ ሙቀት 25.5፣ ጨዋማነት 35፣ አልካሊኒቲ (የውሃው የካርቦኔት መጠን) 8.4 ዲኬኤች (መለኪያ አሃዱ ነው)፣ ካልሲየም 430፣ ማግኒዚየም 1320፣ ናይትሬት 0፣ ፎስፌት 0። በየሳምንቱ ስለካ ቁጥሮቹ ያው ናቸው። ታዲያ ምን ጎደለ?

የዱባይዋ

ወንድሜ፣ እንኳን ቁጥሩን ዘርዝረህ ጻፍክልን። መልስ ከመስጠቴ በፊት ጥቂት ልጠይቅህ። አልካሊኒቲውን የምትለካው በሳምንት ስንቴ ነው? በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት? ውሃ ስትቀይር አዲስ የተቀላቀለው የጨው ውሃ አልካሊኒቲው ስንት ነው? ካልሲየምና አልካሊኒቲ የሚያወጣውን ሶዳ የምትጨምረው በየቀኑ ነው ወይስ ባንዴ?

ሃመሩን ደግሞ ጠጋ ብለህ እየው። ሥጋው ላይ ቡናማ፣ ለስለስ ያለ ዝልግልግ ነገር ካለና ከሸተተ ዛሬውኑ ለይተህ አውጣው። እሱ በሽታ ነው፣ ወደ ሌላው ቅርንጫፍ በፍጥነት ይዛመታል። ሥጋው ብቻ የሸሸ ከሆነ ግን አትደንግጥ፣ ጊዜ አለን።

ንጹሕ ውሃ

እኔ የምለው አጭር ነው። ልጋጉ የቆሻሻ ምልክት ነው። መኖ ቀንስ፣ በየሳምንቱ ግማሹን ውሃ ቀይር፣ ፎስፌት የሚመጥ ሚዲያ (የማጣሪያ ቁስ) ጨምር። የኮራል ውሃ ንጹሕ መሆን አለበት።

ፖቶማክ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ።

እህቴ፣ የምለካው ቅዳሜ ጠዋት ውሃ ከመቀየሬ በፊት ነው። ከዚያ ሩብ ያህሉን እቀይራለሁ፣ ወዲያው የሳምንቱን ዱቄት በጥብጬ እጨምራለሁ። አዲሱን ውሃ ዛሬ ለካሁት፣ 12 ዲኬኤች ነው። ሃመሩ ላይ ዝልግልግ ነገር የለም፣ አይሸትም።

ንጹሕ ውሃ፣ ፎስፌት የሚመጠው ሚዲያ ሳምፑ ውስጥ አለ። መኖውንም ልጋጉ ከመጣ ወዲህ ቀንሻለሁ፣ ዓሦቹ በሁለት ቀን አንዴ ነው የሚበሉት።

የዱባይዋ

በል እንግዲህ፣ ነገሩ ግልጽ እየሆነ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የምታየው 8.4 የሳምንቱ ዝቅተኛ ቁጥር ነው። ሩቡን ውሃ 12 በሆነ ውሃ ስትተካ ይሄ ብቻውን ወደ 9.3 ያወጣዋል። በላዩ ላይ የሰባት ቀን ዱቄት ባንዴ ይገባል። ቅዳሜ ማታ ብትለካው 11 ሊልህ ይችላል። ከዚያ ኮራሎቹ እየተጠቀሙበት ቀስ በቀስ ይወርድና ቅዳሜ ጠዋት ተመልሶ 8.4 ይሆናል። ሁሌ የምታየው ያንኑ ቁጥር ስለሆነ የተረጋጋ ይመስላል። ኮራሎቹ ግን በየሳምንቱ በአንድ ከሰዓት ውስጥ ከሁለት ዲኬኤች በላይ እየተወረወሩ ነው። አክሮፖራ እንዲህ ያለውን ዝላይ አይችልም። መጀመሪያ የሚቃጠለውም ጫፉ ነው፣ ምክንያቱም እድገቱ ያለው እዚያ ነው።

ለምን አልካሊኒቲ አልካሊኒቲ እንደምል ላስረዳ። ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከካልሲየምና ከካርቦኔት ነው። ሁለቱን የሚወስደው በቋሚ መጠን ነው። በሊትር 20 ሚሊግራም ካልሲየም ሲጠቀም 2.8 ዲኬኤች አልካሊኒቲ አብሮ ይሄዳል። ካልሲየም ከ430 ወደ 410 ቢወርድ ኮራሉ ምንም አይሆንም፣ የቤት መለኪያ ኪትም ልዩነቱን በቅጡ አያሳይህም። አልካሊኒቲ ላይ ግን ከ8.4 ውስጥ 2.8 ሲነሳ ሲሶው ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ የታንኩን ሁኔታ ቀድሞ የሚነግርህ እሱ ነው። ከሁሉም ኪት አንድ ብቻ ግዛ ብባል ይሄንን ነው የምገዛው።

ለአንድ ሳምንት በየቀኑ፣ በአንድ ዓይነት ሰዓት ለካና ጻፍልን።

ስለ ልጋጉ ደግሞ ለየብቻ እንነጋገር። አረፋ የያዘ ቡናማ ክር፣ ናይትሬትና ፎስፌት ደግሞ ዜሮ ሲሆኑ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ዳይኖፍላጀሌት (ባለ አንድ ሕዋስ ጥቃቅን ፍጡር፣ ባጭሩ ዳይኖ) ነው። ንጹሕ ውሃ ይቅር በለኝ፣ እዚህ ላይ ውሃ መቀየርና መኖ መቀነስ ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ አያድንም።

ንጹሕ ውሃ

ይቅርታ አያስፈልግም፣ ለመማር ነው የምንወያየው። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። እውነተኛው ሪፍ ላይ ናይትሬትና ፎስፌት ከሞላ ጎደል የለም። ባሕሩ ላይ ዜሮ ከሆነ ታንክ ውስጥ ለምን ጥፋት ይሆናል?

አይላት ጠላቂ

ይሄን ልመልሰው፣ ሥራዬ ከውሃው ጋር ነው።

ባሕሩ ላይ የተሟሟ ናይትሬት በጣም ትንሽ ነው፣ ልክ ነህ። ግን ምግብ አያቋርጥም። ማታ በባትሪ ወርደህ ብታይ ቀን ድንጋይ የሚመስለው ኮራል ፖሊፖቹን (አፍና ጣት ያላቸውን ትንንሽ አካላቱን) በሙሉ አውጥቶ ታገኘዋለህ። እያንዳንዷ ጣት ጫፏ ላይ ነጠብጣብ አላት፣ የመናደፊያ ሕዋሶቿ ናቸው። የባትሪህ ብርሃን የሰበሰባቸው ጥቃቅን ነፍሳት ሲነኳት ትታጠፍና ወደ አፏ ታስገባለች። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ነው። ውሃው ንጹሕ ቢሆንም በላዩ የሚያልፈው ሥጋ ብዙ ነው። ታንክ ውስጥ ያ የለም። ዓሣ በሁለት ቀን አንዴ በልቶ፣ ስኪመርና ሚዲያ የቀረውን ሲመጥጥ፣ ኮራሉ ይራባል።

ሌላም አለ። ኮራል እንስሳ ነው፣ ሥጋው ውስጥ ግን በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። እነሱ ከብርሃን ስኳር ይሠሩለታል፣ እሱ ደግሞ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይሰጣቸዋል። አብዛኛው ጉልበቱ ከእነሱ ነው። ሁለቱም ወገን ሲራቡ ቀለሙ መደብዘዙ አይቀርም።

ስለ ቁጥርም ልጨምር። እዚህ አቃባ ባሕረ ሰላጤ ጨዋማነቱ 40 ገደማ ነው፣ ከተለመደው ውቅያኖስ በጣም ይበልጣል። ክረምት ውሃው ወደ 21 ዲግሪ ይወርዳል፣ በጋ 27 አልፎ ይሄዳል። ኮራሉ ግን አለ፣ ያውም ሙቀት በመቋቋም ከሌላው የሚበልጥ ነው። እህታችን ያለችበት ዱባይ አካባቢ ደግሞ በጋ ላይ ባሕሩ 34 ዲግሪ ሲደርስ እዚያ የለመዱ ኮራሎች አሉ። ለውጡ በወራት ውስጥ ስለሚመጣ ይለምዱታል። በአንድ ከሰዓት ውስጥ የመጣውን ነው የማይለምዱት።

የዱባይዋ

ስለ ዱባይ ባሕር ያለው እውነት ነው፣ ግን በ2017 በጋ ላይ እነዚያ የለመዱትም ነጥተው በብዛት ሞተዋል። መጠን አለው ለማለት ነው። ቤት ውስጥ ያሉት ኮራሎች አብዛኞቹ ከኢንዶኔዥያና ከአውስትራሊያ የመጡ ናቸው፣ 30 ዲግሪ ሲያልፍ አይቆዩም። እዚህ ኤሲ አጥፍቶ ለእረፍት መሄድ አይታሰብም። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ውሃው ላይ ማራገቢያ ቢያቆም ሁለት ሦስት ዲግሪ ይቀንስለታል። ትነቱ ግን ይጨምራል። የሚተነው ውሃው ብቻ ስለሆነ ጨው ይቀራል። ጎደለ ተብሎ የሚጨመረው ንጹሕ ውሃ እንጂ የጨው ውሃ መሆን የለበትም፤ በራሱ የሚሞላ ፓምፕ ቢገጠም ደግሞ ይመረጣል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ፖቶማክ ጎረቤቴ፣ ውሃህን በምን ነው የምታጣራው? እናንተ ጋ፣ በዋሽንግተንም፣ የቧንቧው ውሃ አብዛኛውን ዓመት የሚታከመው በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሃዱበት) ነው፣ ጸደይ ላይ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይቀየራል። ክሎራሚን በተራ ካርቦን ቶሎ አይያዝም፣ ሲፈርስም አሞኒያ ይተዋል። አሞኒያው በአርኦው (ውሃን በግፊት በሚያጣራው) ሽፋን አልፎ ዲአይ ሬዚኑን (የመጨረሻውን ማጣሪያ) ቶሎ ይጨርሰዋል። ለክሎራሚን የተሠራውን ካርቦን ተጠቀም። ቲዲኤስ (በውሃው የተሟሟ ነገር) መለኪያው ዜሮ ካላለ ሬዚኑን ቀይር።

ጀማሪ

ይቅርታ በመሃል ስለገባሁ። ያገለገለ ታንክ ከነድንጋዩ ገዛሁ። ድንጋዩ ላይ ትንንሽ አበባ የመሰሉ ዞአ የሚባሉ ኮራሎች ሞልተውታል፣ አልፈልጋቸውም። ድንጋዩን ቀቅዬ ባጸዳው ምን ይመስላችኋል?

አይላት ጠላቂ

በፍጹም! እንዳትቀቅለው። ምድጃ ላይ ጥደኸው ከሆነ አጥፋና ሰው ሁሉ ከቤት ይውጣ።

ዞአና ዘመዱ ፓሊቶአ (ባንድነት ዞአንቲድ ይባላሉ) ፓሊቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖራቸው ይችላል። በተፈጥሮ ከሚገኙ መርዞች እጅግ አደገኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። መቀቀል አያጠፋውም፣ ከእንፋሎቱ ጋር አየር ላይ ይወጣል። እንዲህ አድርገው ቤተሰቡ ሁሉ ሆስፒታል የገባባቸው ሰዎች አሉ። አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም፣ ሳል፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ትኩሳት፣ የጡንቻ ሕመም ከተሰማ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ነው፣ ለሐኪሙም ዞአንቲድ ነክቻለሁ ብሎ መናገር።

በብሩሽ መፈግፈግ፣ በከፍተኛ ግፊት ውሃ መርጨት፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ መፍጨትም አይሆንም። ስትነካው ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርግ፣ እጅህ ላይ ቁስል ካለ አትንካው። ካልፈለግከው ከውሃ ሳታወጣው ለሚፈልገው ስጠው። ዞአ የሚወድ ሰው ሞልቷል።

ጀማሪ

ኧረ ተመስገን ጠየቅሁ። አልጣድኩትም። ድስቱን አውጥቼ ነበር። ለሚወድ ሰው እሰጠዋለሁ።

የዱባይዋ

ጎበዝ። ሌሎቻችሁም ይህን መልእክት ለጓደኞቻችሁ አጋሩት። ሱቅ ውስጥ ይህን የሚነግር ሰው ማግኘት ብርቅ ነው።

ፖቶማክ

ሳምንቱ አለቀ፣ በየቀኑ ማታ በ2 ሰዓት ለካሁ። ቅዳሜ 11.0። እሑድ 10.6። ሰኞ 10.3። ረቡዕ 9.5። ዓርብ 8.8። ቅዳሜ ጠዋት 8.4። እህቴ እንዳለችው ነው።

ሚዲያውን አወጣሁት። የልጋጉንም ነገር አጣራሁ። በመምጠጫ ትንሽ ወሰድኩ፣ ጠርሙስ ውስጥ አናውጬ በቡና ማጣሪያ ወረቀት አጠለልኩት። ያለፈውን ውሃ መብራት ሥር አስቀመጥኩት። ትንሽ ቆይቶ ጥርት ያለው ውሃ ውስጥ እንደገና ክር ሠርቶ ተያይዞ አገኘሁት።

የዱባይዋ

ዳይኖ ነው እንግዲህ። እንዲህ ተመልሶ የሚያያዘው እሱ ነው። ከተቻለ ማይክሮስኮፕ ፈልግ፣ የልጆች መጫወቻ የሚሆነውም ያሳያል። ለምን መሰለህ፣ ዓይነቱ ሕክምናውን ይለውጠዋል። ኦስትሪኦፕሲስ ከሆነ ማታ ከአሸዋው ተነስቶ ውሃው ላይ ስለሚንሳፈፍ ዩቪ መብራት በደንብ ይይዘዋል። ትልቁ አምፊዲኒየም ግን ከአሸዋው ስለማይለቅ ዩቪ ብታስገባም ገንዘብህን ነው የምታባክነው።

በሁለቱም መንገድ ግን ናይትሬትና ፎስፌት ከዜሮ መውጣት አለባቸው። ዓሦቹን በየቀኑ አብላ፣ በረዶ የሆነ መኖ አቅልጠህ ብትሰጥ ጥሩ ነው። ናይትሬት ከ5 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.05 እስከ 0.1 ድረስ ይሁን። መኖ ብቻውን ካላደረሰው ለዚሁ የሚሸጥ ናይትሬትና ፎስፌት አለ፣ በጠብታ እየለካህ። ዳይኖ የሚያሸንፈው ሌላው ሁሉ ሲራብ ነው። ሌሎች አልጌዎችና ባክቴሪያዎች ምግብ ሲያገኙ ቦታውን ይወስዱበታል። መጀመሪያ አረንጓዴ አልጌ መስታወቱ ላይ ሲወጣ ታያለህ። ደስ ይበልህ እንጂ አትጥረገው፣ ለጥቂት ጊዜ ተወው። ውሃ መቀየሩንም እስኪጠፋ አቁመው። ቀንድ አውጣዎች ካሉህ ተከታተላቸው፣ አንዳንዱ ዳይኖ መርዛማ ስለሆነ ይሞታሉ።

መሐንዲሱ (ፍራንክፈርት)

የአልካሊኒቲውን ሒሳብ ልሥራልህ። በሳምንት 2.6 ይወርዳል፣ በቀን ወደ 0.4 ማለት ነው። ለ100 ሊትር ውሃ 3 ግራም ቤኪንግ ሶዳ 1 ዲኬኤች ያወጣል። ለአንተ 250 ሊትር፣ ለ0.4 ዲኬኤች፣ በቀን 3 ግራም ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሆን ተጠንቀቅ፣ እሱ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል። በንጹሕ ውሃ በጥብጥና ፓምፑ በሚገፋበት ቦታ ቀስ ብለህ አፍስስ። ካልሲየም ክሎራይዱን በሌላ ሰዓት ጨምር። ሁለቱ ባንድነት ከተገናኙ ውሃው እንደ ወተት ይነጣል፣ ሁለቱም ባክነው ይቀራሉ።

ዶዚንግ ፓምፕ መግዛት ከቻልክ ያንኑ መጠን በቀን ደርዘን ጊዜ ከፋፍሎ ይሰጥልሃል። ኮራል ሲበዛና ሲያድግ ፍጆታው ይጨምራል፣ ስለዚህ መለካቱን አትተው። ጨውህንም አልካሊኒቲው 8 አካባቢ በሚሆነው ቀይረው።

ንጹሕ ውሃ

ተቀብያለሁ፣ ዜሮ ጥሩ አይደለም። ግን ለአዲስ አንባቢዎች አንድ ነገር ይመዝገብልኝ። «አብሉ» ሲባል ታንኩን የቆሻሻ ማከማቻ ማድረግ አይደለም። ፎስፌት በጣም ሲከማች የአክሮፖራ እድገት ይዘገያል፣ ድንጋዩን ሁሉ ፀጉር አልጌ ይወርሰዋል፣ ድንጋዩ የመጠጠውን ፎስፌት ማስወጣትም ብዙ ወራት ይፈጃል። እየለካችሁ አብሉ።

መሐንዲሱ

በዚህ እስማማለሁ።

ከቦሌ

ጋሼ መሐንዲሱ፣ እርስዎን ልጠይቅ። አዲስ አበባ ሆኜ ትንሽ የጨው ውሃ ታንክ መጀመር አስቤ ነበር። ይቻላል ብለው ያስባሉ?

መሐንዲሱ

ይቻላል ልጄ፣ ግን ሦስት ነገር አስብበት።

አንደኛ ከፍታው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሌሊት ደግሞ አልጌዎቹ ኦክስጅን መሥራት አቁመው መተንፈስ ብቻ ይቀራቸዋል። የውሃውን ገጽ በፓምፕ በደንብ አናውጠው፣ ስኪመር አስገባ፣ ዓሣ አታብዛ።

ሁለተኛ መብራት። ሲጠፋ ቀድሞ የሚጎዳው ኮራሉ አይደለም፣ ኦክስጅን ያጡት ዓሦች ናቸው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አዘጋጅ። ቤትህ ማታ ስለሚቀዘቅዝ ማሞቂያ ያስፈልግሃል። ከአንድ ትልቅ ሁለት ትንንሽ ግዛና ከመቆጣጠሪያ ጋር አያይዛቸው። ማሞቂያ ሲበላሽ አንዳንዴ ሳይጠፋ ይቀራል፣ ትንሽ ከሆነ ታንኩን ለመቀቀል አቅም የለውም።

ሦስተኛ ወረቀቱ። ድንጋያማ ኮራሎች በሙሉ በሳይቲስ (ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት) ሁለተኛ አባሪ ውስጥ ናቸው። ከሚላክበት አገር የመውጫ ፈቃድ ሳይኖር አይንቀሳቀሱም። ኢትዮጵያም አባል ናት። በሻንጣ ላምጣልህ የሚልህ ሰው ካለ እምቢ በል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ታንኩን በድንጋይ ብቻ ውሃው እየዞረ ለአንድ ወር ተኩል ያህል አቆየው፣ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ እስኪሆኑ። ከዚያ በማሽሩምና በሌዘር ኮራል ጀምር። አክሮፖራ ለመጀመሪያው ዓመት ይቆይ።

አይላት ጠላቂ

እኛም አገር ከባሕር አንድ ቁራጭ ማንሳት በሕግ ክልክል ነው። ለቦሌው ወንድሜ ደግሞ ይሄን ታውቃለህ? ዳናኪል ረባዳ ዳር ዳር ላይ የድሮ ኮራል ሪፍ ቅሪት አለ። ቀይ ባሕር እዚያ ድረስ ይገባ በነበረ ጊዜ ያደገ ነው። አፋር ከሄድክ ጠይቀህ እየው፣ አጽሙ ላይ የፖሊፖቹ ቀዳዳ ይለያል።

ፖቶማክ

ሰላም ናችሁ? ዜና ይዤ መጣሁ።

ሶዳውን በየቀኑ እየሰጠሁ ነው፣ አልካሊኒቲው 8.2 እና 8.5 መሃል ይመላለሳል። ናይትሬት 6፣ ፎስፌት 0.07 ደርሷል። መስታወቱ አረንጓዴ ለብሷል፣ አልነካሁትም። አሸዋው ላይ ልጋጉ በግማሽ ቀንሷል። ሃመሩ ገና እንደ ድሮው አይነፋም፣ ግን ነጩ መስመር መስፋቱን አቁሟል። አንዱ አክሮፖራ ፖሊፖቹን ቀን ላይ ማውጣት ጀምሯል፣ የተቃጠለው ጫፉም ጠርዝ ላይ አዲስ ሥጋ እየለበሰ ነው። ሁለተኛው ከሥሩ እየላጠ መጣ፣ ደህናውን ቅርንጫፍ ቆርጬ አዲስ መሠረት ላይ አጣበቅኩት።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ቀለሙ ቶሎ እንዲመለስ የመብራቱን ኃይል ልጨምር?

የዱባይዋ

አይ፣ አሁን አትጨምር። ቀለም የደበዘዘ ኮራል አልጌው አንሷል፣ ብርሃኑን የሚጋርድለት የለም። እንዲያውም ከአሁኑ ሲሶ ያህል ቀንስና በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂቱ መልሰው። ፓር (ኮራሉ የሚጠቀምበት የብርሃን መጠን) መለኪያ ሱቆች ያከራያሉ፣ አንዱን ለቅዳሜና እሑድ ውሰድ። ሃመሩ ያለበት ቦታ ከ80 እስከ 150 ይበቃዋል፣ አክሮፖራዎቹ ወደፊት ከ200 እስከ 300 ያገኛሉ። ፍሰቱንም እየው፣ ሃመሩ ጣቶቹ ቀስ ብለው የሚወዛወዙበት ይሁን እንጂ በአንድ ወገን የሚገርፈው አይሁን። የቆረጥከውን ቅርንጫፍ ደግሞ ለአሁኑ ታች፣ አሸዋው አጠገብ አስቀምጠው።